የዕቅድ ውይይት፦ የአካባቢ ባዮሎጂን ከግቢያችን ጀርባ ካለው ወንዝ እንጀምር

አስተባባሪዋ፦
ሰላም የማኅበራችን አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የጋራ ፕሮፖዛሉን በዚህ ወር መጨረሻ ማስገባት አለብን። የአራቱ ኮሌጆቻችን የአካባቢ ባዮሎጂ ኮርስ በተግባር የሚሰጥበት የአንድ ሴሚስተር ዕቅድ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ትልቁን ገንዘብ የያዙት ማይክሮስኮፕና የጣና ጉብኝት ናቸው። እስቲ ሐሳብ ስጡበት።

የባዮሎጂ መምህሩ (ደብረ ታቦር አካባቢ)፦
እኔ ሁለቱንም ባናስቀድም እላለሁ። ያሉን ማይክሮስኮፖች ራሳቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ጣናም ቢሆን በዓመት አንዴ ነው የሚኬደው። እምቦጩ ከሩቅ ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አበቃ። ተማሪ ደጋግሞ የሚመላለስበት ቦታ ነው የሚያስፈልገው። ከግቢያችን ጀርባ፣ በእግር 15 ደቂቃ የምታስኬድ ወንዝ አለች። መንገድ በማይመችበት ጊዜም እሷ ጋ መድረስ አያቅተንም።

ባለፈው ኅዳር 20 ተማሪዎች ይዤ ወረድኩ። የያዝነው ነጭ ሳፋና ከአሮጌ አጎበር የተሰፋ መረብ ነበር። ቦቲ አድርጌ ገባሁ። መረቡን ውኃው በሚወርድበት በኩል ይዤ፣ ከላይ ያለውን ድንጋይ በእግሬ አመስኩት። የተያዘውን ሳፋው ላይ ገለበጥነው። መጀመሪያ የሚታየው አሸዋና ቅጠል ብቻ ነበር። ትንሽ ዝም ብለን ስንጠብቅ ቅጠሉ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንዲት የፎገራ ልጅ ጎንበስ ብላ ቆየችና፣ «መምህር፣ ይሄኛው ጎኑ ላይ ላባ አለው» አለችኝ። ያየችው ሜይፍላይ የሚባለው፣ ወንዝ ዳር የሚበር ትንሽ ነፍሳት እጭ ነው። ላባ የመሰላት መተንፈሻው ነው። አብዛኛው ዝርያው ብዙ ኦክስጅን ያለው ንጹሕ ውኃ ካላገኘ አይኖርም።

ከዚያ ወደ ታች ወረድንና የገበያው ፍሳሽ ከሚቀላቀልበት ሥር ደገምነው። ላባ ያለው አንድም አልተገኘም። ሳፋው ውስጥ የሚርመሰመሰው ቀይ፣ ቀጭን፣ ትል የሚመስል እጭ ነው። ያቀላው ሄሞግሎቢን ነው፤ ልክ እንደ እኛ ደም። ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ የሚኖረውም በእሱ ነው። ስለ ብክለትና ኦክስጅን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከርሜያለሁ። ልጆቹን የገባቸው ግን ሁለቱን ሳፋዎች ጎን ለጎን ሲያዩ ነው።

ስለዚህ ለየኮሌጁ ሳፋ፣ መረብ፣ የእጅ ሌንስ፣ አልኮልና ቦቲ እንጠይቅ። ማይክሮስኮፕ አንድ አንድ ይበቃናል።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ያን ቀን ቦቲ የነበረህ አንተ ብቻ ነህ፤ ልጆቹን ከዳር ያስቀረሃቸውም ለዚህ ነው። ቢልሃርዚያን በግልጽ እንጻፈው። ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ ጥገኛው ቆዳ በስቶ ነው የሚገባው። የሚያራባው ደግሞ እዚያው ውኃ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ ነው። ቦቲና ረጅም ጓንት «ቢገኝ» ተብሎ የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ ከሌለ ተማሪ ውኃ ውስጥ አይገባም። የናሙና ማስቀመጫው አልኮል 70 በመቶ ይሁን። ደግሞ ክረምት ላይ አንሂድ። ጎርፉ ድንጋዩን ጠራርጎት ስለሚሄድ የምናገኘው ነገር ያሳስተናል። ኅዳርና የካቲት ይሻላል።

አንጋፋው አባል፦
ልጆች፣ የቤተ ክርስቲያን ደኑን ረሳችሁት። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር ባጠኗቸው 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ መዝግበዋል። ይህ ሁሉ ደጃችን ላይ ነው! ሥራው ቀላል ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በገመድ ከልሉና ቡቃያ ቁጠሩ፤ ከካቡ ውስጥም፣ ከካቡ ውጭም። ከብት በሚገባበት ቦታ ወይራውና ጥቁር እንጨቱ ቢያፈሩም ቡቃያቸው ይጋጣል፣ ይረገጣል። ፈቃዱን በደብዳቤ ብቻ አትጠይቁ። ቀድማችሁ ሂዱና የደብሩን አስተዳዳሪ አነጋግሩ። የዛፎቹን ስም አንዳንዱ ቄስ ከእኛ በላይ ያውቃል፤ አብረው ለሚያስተምሩት አባቶችም አበል ይያዝላቸው።

የባዮሎጂ መምህሩ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ይግባ። እኔ የምጨምረው ምዘናውን ነው። የመስክ ደብተሩ ከ100 ቢያንስ 40 ይያዝ። ቀን፣ ቦታ፣ የቆጠሩት፣ የገረማቸው፣ ሁሉም በእጃቸው ይጻፍ። ነጥብ ከሌለው በሦስተኛው ሳምንት ደብተር ይዞ የሚመጣ አይኖርም።

አስተባባሪዋ፦
ጥሩ። ጣናን ከበጀቱ አውጥቻለሁ፤ ማይክሮስኮፑ አንድ አንድ ሆኗል። ወንዙና ደኑ ገብተዋል፣ የአባቶች አበልም ተይዟል። ምዘናውን ለየዲፓርትመንታችሁ አቅርቡትና እስከ ሐሙስ አሳውቁኝ። አንድ የቀረ ነገር አለ፦ የቦቲ ቁጥር። በጅምላ 43 እንዳይገዛብን የተማሪዎቻችሁን ልክ ላኩልኝ።

የባዮሎጂ መምህሩ፦
የእኔን ዛሬ ማታ እልካለሁ። የፎገራዋ ልጅ 37 ነው የምታደርገው።