ሰርጓጅ መርከብ «ሰጠመ» ይባላል?

ቀለሜ፦ ሰላም ቤተሰብ። ስለ ጀርመኑ ሰርጓጅ መርከብ ዩ-1206 ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። «ሰርጓጁ ሰጠመ» ይላል። ሥራው መስጠም አይደል እንዴ?

ሆሄ፦ ሃሃ! ሥራውማ መስረጎድ ነው። ሰረጎደ ማለት ወደ ውስጥ ገባ፣ ጎደጎደ ነው። ስትስቅ ጉንጯ ስርጉድ የሚል ልጅ አታውቅም? ያው ነው። ከወለደ ወላጅ፣ ከወሰደ ወሳጅ እንደሚወጣው፣ እዚህም «ደ» ወደ «ጅ» ዞሮ ሰርጓጅ ሆነ። ስርጉድ ያለ ጉንጭ ይመለሳል፤ የሰጠመ ግን አይመለስም። ጀርመኖቹ ስሙን ያወጡት በቦታው ነው፤ ኡንተርዜቦት፣ ከባሕር በታች ያለ ጀልባ። የእኛ ከእንቅስቃሴው ነው። እኔ የእኛን እመርጣለሁ፣ አዳላህ በሉኝ።

ጋሽ ብራና፦ ልጆች፣ ታሪኩን ስታዩት ይብሳል። ዩ-1206 አገልግሎት የገባው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1944 ነው። ለውጊያ ከኖርዌይ ክርስቲያንሳን የወጣው ግን ሚያዝያ 1945፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ሊያበቃ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ነው። በ8ኛው ቀን፣ ከስኮትላንድ ፒተርሄድ ወደብ ማዶ ባሕር ውስጥ ሳለ፣ ሽንት ቤቱ ውሃ አስገባ። አትሳቁ! ሽንት ቤቱ ጥልቅ ውሃ ውስጥ እንዲሠራ የተበጀ፣ ቫልቮቹን በቅደም ተከተል የሚከፍትና የሚዘጋ የሠለጠነ ሰው የሚፈልግ ነበር። አዛዡ ካርል አዶልፍ ሽሊት ራሱ ነው ያበላሸው የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን ያኔ ሞተር ክፍል እንደነበረ ተናግሯል። ውሃው ከሥር ባትሪዎቹን ሲያገኝ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ተነሣ። ወደ ላይ ከመውጣት በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። ወጡ፤ መርከቡንም ራሳቸው አሰጠሙት። 4 ሰው ሞተ፣ 46 ተረፈ።

ቀለሜ፦ እንግዲያው «ሰጠመ» ሳይሆን «አሰጠሙት» ነዋ፣ ጋሼ?

ጋሽ ብራና፦ ልክ ነህ። ግን እንግሊዞች መትተውት ቢሆንም ያው «አሰጠሙት» ትል ነበር። ግሱ ብቻውን አይበቃም፤ «በገዛ እጃቸው» ካላልክ አንባቢ ጠላት ነው ብሎ ያልፋል።

ሆሄ፦ አንድ ዓመት ተለማምደው 8 ቀን። «ልፋታቸውን ውሃ በላው» ቢባልስ?

ጋሽ ብራና፦ ይባላል። እዚህ ላይ ግን ፈሊጥነቱ ቀርቶ ዜና ይመስላል።

የጎጃሟ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ሁላችሁም «ሰጠመ» ትላላችሁ፣ እኛ ቤት ግን «ሰመጠ» ነው የሚባለው። ተሳስተን ነው?

ሆሄ፦ ኧረ አይደለም። ሁለቱም ይባላል፤ «መ»ና «ጠ» ቦታ ተለዋውጠው ነው። እኔም በቁጣ ጊዜ «ሰመጠ» እላለሁ።