ዳኛን ሕዝብ ቢመርጠው ከፓርቲና ከገንዘብ ይድናል?

የለገጣፎ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በለገጣፎም በቡራዩም በሰበታም፣ የይዞታና የቤት ክርክር ያልነካው ሰፈር የለም። ወሬው በተነሳ ቁጥር «ዳኛን ፓርቲ ከሚሾመው እንደ አሜሪካ ሕዝብ ይምረጠው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ነገሩን በትክክል የምታውቁ አስረዱን። የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ዛሬ የሚሾመው በየትኛው መንገድ ነው? ፓርቲ የሚገባውስ በየት በኩል ነው? ምርጫ ቢሆን ያ በር ይዘጋል ወይስ ለገንዘብ ሌላ በር ይከፈታል? አንቀጽና ቁጥር ብትጠቅሱልኝ ደስ ይለኛል።

ጥቁር ካባ

በመጀመሪያ የማን ፍርድ ቤት እንደሆነ ይለይ። የጠቀስካቸው ሦስቱም ቦታዎች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ ጉዳያቸውን የሚያዩት የኦሮሚያ ዳኞች ናቸው፤ ሿሚውም የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ቤት ግን ወደ ፌዴራል ወይም ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ይሄዳል። አጥር የሚጋሩ ሁለት ጎረቤቶች በሿሚም በችሎት ቋንቋም ሊለያዩ ይችላሉ።

መንገዱን የሚያሳየው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትንና ምክትሉን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። ሌሎቹን የፌዴራል ዳኞች፣ የከፍተኛ ፍርድ ቤቱን ጨምሮ፣ የሚመለምለው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዝርዝሩን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይሾማል። በክልል ደግሞ የክልሉ ጉባኤ ለጠቅላይና ለከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያቀርባቸውን ዕጩዎች በተመለከተ በቅድሚያ የፌዴራሉን ጉባኤ አስተያየት መጠየቅ አለበት። አስተያየቱ በ3 ወር ውስጥ ካልመጣ የክልሉ ምክር ቤት ሹመቱን ማጽደቅ ይችላል።

አሁን ወደ ፓርቲው። ዳኛ የፖለቲካ ድርጅት አባል ሆኖ መሥራት በሕግ ተከልክሏል። ግን ክልከላው የሚይዘው የአባልነት መታወቂያውን እንጂ ውለታውን አይደለም። ውለታው የሚገባው ከላይ ነው። የጉባኤው ሰብሳቢ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው፤ እሱን ያቀረበው ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ስለዚህ መልማዩ ጉባኤ ሥራውን የሚጀምረው አስፈጻሚው ባቀረበው ሰው ሰብሳቢነት ነው። ሁለተኛው በር ምክር ቤቱ ነው። በ2007 ምርጫ 547ቱም መቀመጫ በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ ነበር። በ2013 ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ያሸነፈው አንድ ፓርቲ ነው። በእንዲህ ያለ ምክር ቤት ስም ዝርዝሩ ይነበባል፣ እጅ ይወጣል፣ ሹመቱ ይጸድቃል። «ይህን ሰው ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ወገን ቁጥሩ እዚህ ግባ አይባልም።

ሹመቱ ካለፈ በኋላም ግፊቱ አያበቃም። በ1993 ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ ስታዝ፣ ወዲያው መልሰው አሰሯቸው። ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ ሕግ ወጣ። ዳኛዋን ማንም አልሻራትም፤ ትእዛዟ ግን ትርጉም አጣ። ለእኔ አንቀጽ 79 ለዳኞች የሰጠውን ነፃነት የሚፈትነው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

መዝገብ አገላባጭ

ስለ አሜሪካው ልጨምር፤ ብዙ ሰው በግማሽ ነው የሚያውቀው። የፌዴራል ዳኞቻቸው አይመረጡም፤ ፕሬዚዳንቱ ያቀርባል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። ምርጫ ያለው በክልሎቻቸው ነው። ከ50ው 38ቱ የበላይ ፍርድ ቤታቸውን ዳኞች በአንድ ዓይነት የሕዝብ ድምፅ ውስጥ ያሳልፋሉ።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚሠራ የዌስት ቨርጂንያው ጉዳይ በደንብ ያሳያል። ማሲ የተባለ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ይግባኙ ገና መንገድ ላይ ሳለ የክልሉ የበላይ ፍርድ ቤት የ2004 የዳኞች ምርጫ ደረሰ። ለአንድ ዕጩ በቀጥታ መስጠት የሚፈቀደው 1,000 ዶላር ብቻ ነበር። የኩባንያው ኃላፊ ዶን ብላንከንሺፕ ግን ለብሬንት ቤንጃሚን መመረጥ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ፤ ከሌሎቹ የዕጩው ደጋፊዎች ሁሉ ድምር የበለጠ ማለት ነው። 1,000 ዶላሩን አልጣሰም፤ አብዛኛው ገንዘብ የሄደው ከዕጩው ውጪ በቆመ ቡድን በኩል፣ ተቀናቃኙን በሚያጠቃ ቅስቀሳ ላይ ነው። ቤንጃሚን አሸነፈ፤ ከችሎቱ እንዲነሳ ሲጠየቅም እምቢ አለ፤ ፍርዱ 3 ለ2 ተሻረ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 «መነሳት ነበረበት» ያለው ራሱም 5 ለ4 ተከፍሎ ነው።

ከዚያ ወዲህ መጠኑ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በ2025 በዊስኮንሲን ለአንዲት የዳኛ ወንበር 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ፤ ከዚህ ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሆነው የኢለን መስክና የቡድኖቹ ነው። በወረቀት ላይ ምርጫው ከፓርቲ ነፃ ነው፤ በድምፅ መስጫው ላይ የፓርቲ ስም አይጻፍም። ማን የማን ዕጩ እንደሆነ ግን ያላወቀ መራጭ አልነበረም። መስክ የደገፈው ዕጩ ተሸነፈ፤ ያሸነፈችውም ዕጩ በሚሊዮኖች የተደገፈች ናት።

እኛ ዘንድ እጅ መንሻ ሲባል በጨለማ የሚሰጥ ነገር ነው የሚታሰበው። ይኼኛው በደረሰኝ፣ በማስታወቂያና በሕግ የሚሰጥ ነው፤ ለዚህም ነው ለመክሰስ የሚያስቸግረው።

የለገጣፎ ልጅ

አመሰግናለሁ፤ የምርጫው ነገር ገብቶኛል። ታዲያ ሕዝብ ሳይመርጥ፣ ፓርቲም ሳይቆጣጠረው የሚሾምበት መንገድ የትም አልተሞከረም?

ሚዛን

ተሞክሯል፤ ንጹሕ ነው ልልህ ግን አልችልም። የአሜሪካዋ ክልል ሚዙሪ ከ1940 ጀምሮ የምትሠራበት ዘዴ አለ (ዓመቶቼ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኮሚሽን 3 ስም ለክልሉ ገዥ ያቀርባል፤ ገዥው ከሦስቱ ውጪ መሾም አይችልም። ዳኛው ቢያንስ አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ ሕዝቡ «ይቀጥል ወይስ ይነሳ» ብሎ ድምፅ ይሰጣል። ተቀናቃኝ ስለሌለ ገንዘቡ ይቀንሳል፤ ግን አይጠፋም። ሌላዋ ክልል አዮዋ በዚሁ ዓይነት ድምፅ በ2010 ሦስት ዳኞቿን አንስታለች፤ ምክንያቱ በ2009 ስለ ጋብቻ የሰጡት አንድ ውሳኔ ነበር።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን የኬንያ ነው። በ2010ሩ ሕገ መንግሥታቸው የዳኝነት አገልግሎት ኮሚሽኑ ይመለምላል፣ ዕጩዎችንም በአደባባይ ይጠይቃል፤ ፕሬዚዳንቱ ይሾማል። ታዲያ ኮሚሽኑ በ2019 41 ዳኞችን ሲያቀርብ ፕሬዚዳንቱ ኡሁሩ ኬንያታ አልሾምም አሉ። አንዱ በመሃል ሞተ፤ በ2021 34ቱን ሾመው ስድስቱን ተዉአቸው። ስድስቱ የተሾሙት በ2022 ዊልያም ሩቶ ሥልጣን ሲይዙ ነው። ያ ሁሉ የአደባባይ ጥያቄና መልስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ቆመ።

እዚህ ላይ ጥቁር ካባ የጠቀሰውን አንቀጽ 81ን መልሳችሁ እዩት። የፌዴራሉ ጉባኤ ስለ ክልል ዕጩዎች አስተያየት እንዲሰጥ 3 ወር ተቆርጦለታል፤ ዝም ካለም ሥራው አይቆምም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጉባኤውን ዝርዝር ለምክር ቤቱ የሚያቀርብበት ቀን ግን በዚያው አንቀጽ ላይ አልተጻፈም። ስለ ምርጫ ከመከራከር ይልቅ ለዚህች ክፍተት ቀን ማስቆረጥ፣ የዕጩዎችንም ቃለ መጠይቅ በአደባባይ ማድረግ የበለጠ ፋይዳ አለው ባይ ነኝ። የበጀቱም ነገር ከዚህ ጋር ይታይ። በአንቀጽ 79 የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን በጀት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ አዘጋጅቶ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ የክልል ፍርድ ቤቶችን በጀት የሚመድበው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ሿሚውና በጀት መዳቢው አንድ ሲሆን ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ጥቁር ካባ

ሚዛን ያለው ልክ ነው። ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ባለጉዳይ በእጁ ያለውን ልጨምር።

አንዱ የዕጩዎች ስም ለሕዝብ አስተያየት ሲወጣ ነው። «የእገሌ ፓርቲ ሰው ነው» ብቻ የሚል ጽሑፍ አይጠቅምም። የመዝገብ ቁጥር፣ ችሎቱ፣ ቀኑ፣ የውሳኔው ግልባጭ ይያያዝበት፤ ሰውየው ቀድሞ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ ከነበረም የያዘው ጉዳይ ይጠቀስ።

ሌላው ዳኛ ይነሳልኝ የሚለው አቤቱታ ነው። በጽሑፍ ይቀርባል፤ ጊዜውም ክርክሩ ከመሰማቱ በፊት ወይም ምክንያቱ እንደታወቀ ወዲያው ነው። የታወቁት ምክንያቶች ከተከራካሪ ወይም ከጠበቃው ጋር ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና፣ ዳኛው በዚያው ነገር ቀድሞ ጠበቃ፣ ሞግዚት፣ ዳኛ ወይም አስታራቂ ሆኖ መሥራቱ፣ ከአንዱ ወገን ጋር የራሱ ክርክር ያለው መሆኑና ፍትሕ ይዛባል የሚያሰኝ ሌላ በቂ ምክንያት ናቸው። አብዛኛው አቤቱታ የሚወድቀው «ባለፈው ትእዛዝ ጎዳኝ» ስለሚል ነው፤ የዚያ መንገዱ ይግባኝ ነው። ፍርዱ እስኪሰጥ ዝም ብሎ ሲሸነፍ ዝምድና የሚያነሳም ብዙ ነው፤ ቀድሞ ማወቁ ከተረጋገጠ የሚሰማው አያገኝም።

ገንዘብ ከተጠየቀ ጉዳዩ ሁለት መዝገብ ነው። ወንጀሉ ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ የሥነ ምግባሩ አቤቱታ ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ። በለገጣፎ ወይም በቡራዩ የተቀመጠን ዳኛ የሚመለከተው የኦሮሚያው ጉባኤ ነው፤ ለፌዴራሉ የገባ አቤቱታ ወራት ፈጅቶ «ሥልጣኔ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። ከማስገባታችሁ በፊት በውሳኔው ራስጌ ላይ ያለውን የፍርድ ቤቱን ስም አንብቡ።