የግቢ ድግስ በትንሽ ብር፦ ምን ልከራይ? ምን ልግዛ? ምን ልዋስ?

ግቢ ውስጥ 30 ወይም 40 ሰው ለመጥራት አስባችሁ ብሩ ያሳሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። እኛ አዲስ አበባ ላይ ለአባቴ የጡረታ ሽኝት 35 ሰው ጠርተን ነበር። 60 ዓመት ሞልቷቸው ከሥራ ሲወጡ የሚወዷቸውን ሰዎች ሰብስበን አብረን እንብላ አልን። ያየሁትን ሁሉ እነግራችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ምረጡ። ብዙ ብር የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ያለው ጊዜ የሠርግ ወቅት ነው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ወጥ ሠሪዋም ይወደዳሉ። ብር ይዛችሁም ላታገኙ ትችላላችሁ። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ክረምቱማ ዝናብ ነው፣ ለግቢ አይሆንም። የእኔ ምርጫ ጥቅምት ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አከራዮቹም ሲደራደሯቸው እሺ ይላሉ። ችግሩ ብርዱ ነው። ስለዚህ እንግዶቹን የጠራነው ከቀኑ 6 ሰዓት ነበር፤ 11 ሰዓት ተኩል ሲል ተሸኙ። ስላላመሸን ለመብራትም ለጀነሬተርም አንድ ብር አላወጣንም።

ቀጥሎ ድንኳንና ወንበር። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የድግስ ዕቃ አከራይ፣ ሌላው እድር ነው። አከራዩ የሚመረጠው ያማረ ወንበርና የጠረጴዛ ልብስ ለምትፈልጉ ነው። ግን የማጓጓዣው ሒሳብ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነውና ዋጋ ስትጠይቁ አብራችሁ ጠይቁ። ከዚያ በፊት ለእህቴ ልጅ ልደት ከአንድ አከራይ ወስደን ወንበሩ 2 ሰዓት ዘግይቶ መጣ፤ እንግዳ ቆሞ ጠበቀ። ስንመልስ ደግሞ ያልተረከብናቸውን 4 ሳህኖች ጠፉ ተብለን ከመያዣው ተቆረጠብን። እኔ ነኝ ሳልቆጥር የተረከብኩት። ሳህንና ብርጭቆ ስትወስዱ ቁጠሩ፣ የተሰነጠቀውን ለዩ፣ በወረቀት ተፈራረሙ።

የእኔ ጥቆማ እድር ነው። አባል ከሆናችሁ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን፣ ሳህኑን በአንድ ላይ ታገኛላችሁ። አከራዩ ለወንበር ብቻ የጠየቀን ብር እድራችን ለሁሉም ካስከፈለን በለጠ። አንድ ነገር ግን እወቁ። የእድር ዕቃ መጀመሪያ የኀዘንተኛ ነው። እኛም የደረሰብን ይኸው ነው። የድግሱ ዋዜማ ማታ ከሰፈሩ ወዲያኛው ጫፍ ሰው አረፈ። ድንኳኑ ወዲያው ወደዚያ ሄደ፣ መሄድም ነበረበት። እናቴ ድግሱ ይቅር አለች። ምግቡ ግን ተሠርቶ አልቋል፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ ዘመዶችም ነበሩ። በመጨረሻ አባቴ ጠዋት ቀብር ደርሰው መጡ፣ ሰዓቱን ወደ 8 ገፋነው፣ ሙዚቃም አልከፈትንም። ከጎረቤት ሸራ ተውሰን በአቮካዶው ዛፍና በአጥሩ መካከል ወጠርነው። ከድንኳኑ የበለጠ ነፋሻ ነበር። እናንተም ከእድር ስትወስዱ ቢያንስ አንድ ሸራና ገመድ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

ወደ ምግቡ ልሂድ። ኬተሪንግ የሚያስከፍለው በሰው ቁጥር ነው። 100 ሰው ለሚጠራና ረዳት ለሌለው ያዋጣል። ለ35 ሰው ግን አንዲት ጎበዝ ወጥ ሠሪ በቀን ሒሳብ መቅጠርና አስቤዛውን ራስ መግዛት በጣም ይሻላል። ሽንኩርትና አትክልት ከእሁድ ገበያ ገዛን። ሽሮና በርበሬ ከምናውቃት ባልትና ቤት። ማርና ቅቤ ከሾላ ገበያ። ሾላ ስትሄዱ አትቸኩሉ፣ ማሩን ሳትቀምሱ፣ ቅቤውን ሳታሸቱ አትክፈሉ።

ዋናው ማዕድ የጾም ይሁን እላለሁ። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጥቅምት ላይ የጽጌን ጾም የሚጾሙ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ የፈቃድ ጾም ስለሆነ አይናገሩም፣ ዝም ብለው ሳይበሉ ይሄዳሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ከሁሉም ጋር ከአንድ ማዕድ ይቆርሳሉ። ያም ሆኖ በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላልና 5 ኪሎ ሥጋ ጠበስን። ለሙስሊም እንግዶቻችን ሥጋው ከእነሱ ሉካንዳ ተገዝቶ፣ ጎረቤታችን በራሷ መጥበሻ በራሷ ምድጃ ሠራችው። ይህን አስቀድማችሁ ካላሰባችሁበት እንግዳ ታሳፍራላችሁ።

እንጀራ ሦስት ምርጫ አለው። እቤት መጋገር ጤፉም ድካሙም ውድ ነው። የሱቁ ምቹ ነው፣ ግን ስስ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይደርቃል። እኛ ሰፈር ውስጥ ለምትጋግር ሴት ከ4 ቀን በፊት 80 እንጀራ አዘዝን። ጠዋት ትኩሱን አመጣችልን። ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ትንሽ መጠባበቂያ ብላችሁ አስቡ።

መጠጥ ላይ ቢራና ለስላሳ በሳጥን ግዙ፣ ሳጥኑ 24 ጠርሙስ ነው። ያልተከፈተውን መልሶ ከሚቀበል ሱቅ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። እኛ አንድ ሙሉ ሳጥን መልሰናል። ጠላ መጥመቅ ጊዜውም ማገዶውም ብዙ ነው። ብርዝ ግን ሞክሩት። 1 ኪሎ ማር በ5 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ አጥልሉት፣ ሁለት ቀን ይቀመጥ። ጌሾ አይገባበትም። ቀድሞ ያለቀው እሱ ነበር።

ኬክ ይቅር፣ ድፎ ይሻላል። ኬክ በኪሎ እየተቆጠረ ኪስ ያራቁታል። ሁለት ድፎ በኮባ ቅጠል ተጋገረ። አባቴ ቆረሱት፣ አንድ የሥራ ባልደረባቸው ቆመው መረቁ። ብዙ ሰው ፎቶ ያነሳው ያኔ ነው።

ለጌጥ ብዙ አትልፉ። ቄጤማ ጎዝጉዙ፣ አቧራማ ግቢ ከሆነ ጠዋት ውሃ አርከፍክፉ። ጽጌረዳ እኛ ከተማ ከሌላው ጌጥ ሁሉ አይወደድም፤ ሆለታና ሰበታ የአበባ እርሻ እያለ የፕላስቲክ አበባ መግዛት አያስፈልግም። ማስቀመጫ ካስፈለጋችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ የጠርሙስ ዕቃ በርካሽ ይገኛል። በደንብ እጠቡት።

ብራችሁን አትቆጥቡ የምላችሁ ቡናው ላይ ነው። ግማሽ ኪሎ ጥሩ ቡና፣ ሁለት ጀበና፣ አንድ ኪሎ ፈንዲሻ፣ ትንሽ እጣን። ስኒ ከሦስት ጎረቤት ተዋስን፣ የማን የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ሥሩ ላይ ክር አሰርን። ቡናው ከምግቡ በኋላ እንግዶቹ ፊት ይቆላ እንጂ ጓዳ ተፈልቶ አይምጣ። ሙዚቃ በሌለበት በዚያ ቀን ሰውን ይዞ ያስቀመጠው የቡናው ሽታና ወሬው ነው። ከአቦል እስከ በረካ ማንም አልተነሳም። የአባቴ ባልደረቦች መጀመሪያ ሥራ የገቡበትን ቀን አወሩ፣ እኛ ልጆቹ ሰምተነው የማናውቀውን።

ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ፣ ኮሚናሉን፣ ማለትም የጋራ መገልገያ ቤቱን፣ ለመጠቀም ኮሚቴውን ቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ጎረቤትንም ጥሩ። የቀረው ሁሉ ያው ነው።

የተረፈውን እንጀራና የጾም ወጥ በማግስቱ ጠዋት እናቴና ጎረቤቶቻችን ተሸክመው ለቅሶ ቤት ወሰዱት። ለእኛ የታሰበው ድንኳን እዚያ ተተክሎ ነበር፤ አባቴም ከሥሩ ተቀምጠው ሰው ሲያስተናግዱ አገኘናቸው።