ሮሜንና ያዕቆብን ለወጣቶች እንዴት ላስተምር?

ሰላም ወገኖች፣ ጌታ ይባርካችሁ። ፒያሳ አካባቢ ባለች ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች መሪ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት የጳውሎስን የሮሜ መልእክት እያጠናን 3፥28 ላይ ደረስን፤ ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት ይጸድቃል የሚለው። አንዷ ልጅ ወዲያው ያዕቆብ 2፥24ን አወጣች። እዚያ ደግሞ «በእምነት ብቻ» አይደለም ይላል። በቃ፣ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ።

ጳውሎስም ያዕቆብም ዘፍጥረት 15፥6ን፣ አብርሃም አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት የሚለውን፣ ይጠቅሳሉ። ያዕቆብ ግን ምዕራፍ 22ን፣ አብርሃም ይስሐቅን በመሠዊያ ላይ ያቀረበበትን ይጨምራል። ጳውሎስ ስለ መጽደቅ መነሻ፣ ያዕቆብ ስለ እምነት ፍሬ ነው የሚያወሩት አልኳቸው። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው፣ በዚህ አይለቁኝም። «ታዲያ ሥራ የሌለው ሰው ድኗል ወይስ አልዳነም?» ብለው ያፋጥጡኛል። ፓስተራችንን ብጠይቃቸው «ጸልይበት» አሉኝ። እሱማ እየጸለይኩ ነው!

ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ብዙዎቹ ከከተማው ዳር ነው የሚመጡት። የታክሲ ሰልፍ ሳይበዛ መሄድ አለባቸው፤ ረጅም ሌክቸር አይሆንም።

ይህን ያስተማራችሁ ካላችሁ፣ ከየት ጀመራችሁ? ሮሜ 4ንና ያዕቆብ 2ን ጎን ለጎን ማንበብ ይሻላል ወይስ መጀመሪያ የአብርሃምን ታሪክ ብቻውን? በቡድን የሚወያዩበት ጥሩ ጥያቄ ካላችሁም ላኩልኝ። ለመጪው ቅዳሜ ነው የምፈልገው።