የኤምብሪዮ «ኦፓል» ሸክላ እጄ ገባ፤ ኦሪጅናሉ ነው ወይስ በኋላ የታተመ?

የለገጣፎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ለገጣፎ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጋሼ አሉ፣ በወጣትነታቸው ሙኒክ ነው የተማሩት። አሁን ልጃቸው ጋ ሊገቡ ስለሆነ ዕቃ እየቀነሱ ነው። አንድ ካርቶን ሙሉ የሙዚቃ ሸክላ «ውሰጂው፣ አንቺ ትሰሚዋለሽ» ብለው ሰጡኝ። አብዛኛው ክላሲካል ነው። አንዱ ግን ኤምብሪዮ የሚባል የጀርመን ባንድ «ኦፓል» የሚል አልበም ነው፣ አሳታሚው ኦር ይላል። ስጎረጉር በፈረንጅ 1970 የወጣ መሆኑንና ሸክላ ሰብሳቢዎች አጥብቀው እንደሚፈልጉት አነበብኩ።

የመጀመሪያው ኅትመት መሆኑን በምን ልለየው? ሌላው ደግሞ የእኛ ሰፈር መንገድ ገና አስፋልት አልገባለትም፣ አቧራው ቁምሳጥን ውስጥ ሳይቀር ይገባል፤ ሸክላው ላይ ያለውን በምን ላንሳው? ወንድሜ ሻንጣ የምትመስል ትንሽ ማጫወቻ አለችው፣ በሷ ልሞክረው ብዬ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ቶሎ ሽጪው ይለኛል። እኔ ገና አልሰማሁትም እኮ!

ሸክላ ወዳጅ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት በዚያች ሻንጣ እንዳታስነኪው። እንደነዚያ ያሉ ርካሽ ማጫወቻዎች አብዛኛውን ጊዜ ሴራሚክ ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) ነው ያላቸው። መርፌያቸው ሸክላውን የሚጫነው ከ5 ግራም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ደህና ማጫወቻ ላይ ግን 2 ግራም ገደማ ይበቃል። ቀጫጭኑ ድምፅ፣ የሲምባሉ (የድራሙ ሳህን) ጫፍ፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ሃምሳ ዓመት የቆየ ሸክላ በአንድ ከሰዓት ሲበላሽ ማየት በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የመጀመሪያው ኅትመት የአሳታሚው መለያ ቁጥር ኦኤምኤም (OMM) 56003 ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ቁጥርና ሸክላው መሃል ያለው ወረቀት ላይ ያለው መግጠም አለበት። ከዚያ ሸክላውን መብራት ሥር አጋድመሽ፣ ዘፈኑ ካለቀበት መስመርና ከወረቀቱ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ እዪው። እዚያ ላይ የተጫረ ወይም የታተመ ቁጥር ታገኛለሽ። ያንን በደንብ ጽፈሽ ያዢ፣ ከሽፋን ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው። ሽፋኑ ላይ ባርኮድ ካለ በቃ የኋላ ኅትመት ነው፣ በ1970 ሸክላ ላይ ባርኮድ አልነበረም። ክብደቱም ይናገራል። የአሁኖቹ ድጋሚ ኅትመቶች ብዙዎቹ 180 ግራም ናቸው፣ የያኔው ቀለል ይላል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምርልሽ። ኦር የመጀመሪያዎቹን አምስት አልበሞቹን የሸጠው ከፊኛ ጋር ነው፣ ልጆች የሚነፉት ፊኛ። «ኦፓል» ከአምስቱ አንዱ ነው። ፊኛው እስከ ዛሬ ውስጡ ካለ ሰብሳቢ ያብዳል፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ሽፋኑን ቀስ ብለሽ ዳብሺ፣ ላስቲኩ ደርቆ ካርቶኑ ላይ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል እንዳትጎትቺው።

ቫይብራፎን፦
ስለ ዋጋው ሌሎች ይንገሩሽ፣ እኔ ስለ ሙዚቃው ነው የምለው። ባንዱን በ1969 ሙኒክ ላይ ያቋቋመው ክርስቲያን ቡርካርድ ነው። ድራም ብቻ አልነበረም የሚመታው፣ ቫይብራፎንም ይጫወት ነበር፣ በትንንሽ ዱላ የሚመታ ባለ ብረት መሣሪያ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ከማል ዋልድሮን ጋር ተጫውቷል፣ ቢሊ ሆሊዴይን በፒያኖ ያጀበው አሜሪካዊ ማለት ነው። ስለዚህ «ኦፓል» ውስጥ ያለው ጃዝ ሮክ ላይ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም፣ ልጆቹ ያደጉበት ነው። ኤድጋር ሆፍማን ሳክስፎንና ቫዮሊን ይጫወታል፣ ጊታሩ ጆን ኬሊ ነው፣ ቤዙ ራልፍ ፊሸር። ቫዮሊኑ ሲገባ ለእኔ ትዝ የሚለኝ ማሲንቆ ነው፣ ያው የየራስ ጆሮ ነው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ የመጨረሻውን ረጅሙን ሳትቸኩዪ ስሚው። ግጥም ፍለጋ ጆሮሽን አታድክሚ። ድራሙንና ቤዙን ተከተዪ፣ የቀረው ራሱ ይመጣል። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም እኮ። ልክ በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ ሸክላ ያሳትም ነበር፣ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎኑ ጃዝን ከእኛ ቅኝት ጋር እያዋሃደ ነበር። ሙዚቃው አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ሁለቱንም ስሰማ የሌላ ሰው ቅጂ መሆን ያልፈለጉ ወጣቶች ይታዩኛል። ኤምብሪዮዎች ኋላ በ1978 በአውቶቡስ ተነስተው፣ በአፍጋኒስታን አድርገው እስከ ህንድ ድረስ በየደረሱበት ከአገሬው ሙዚቀኛ ጋር እየተጫወቱ ሄደዋል። መነሻቸው ግን ይሄ አንቺ እጅ ያለው ሸክላ ነው። ሳትሰሚው አትሽጪው፣ በእውነት።

ከሰበታ፦
በሁሉም እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ይጨመር። ጃዝና ሳይኬዴሊክ ሮክን ጀርመን ውስጥ ቀድመው የቀላቀሉት ሲነሳ ሖል ካራቫን የሚባለው ባንድ መዘለል የለበትም። የጀርመኗ ከተማ የቪስባደን ልጆች ናቸው። በሶል ሙዚቃ ጀምረው በ1969 «ኤሌክትሪፕ» የሚለውን አልበም አወጡ፣ ሳክስፎንና ፍሉት ሞልቶበታል። ፍሉት የሚነፋው ሃንሲ ፊሸር በኋላ ኤምብሪዮ ገብቶ «ኤምብሪዮስ ራኸ» የሚለው አልበማቸው ላይ ተጫውቷል። የለገጣፎዋ፣ ካርቶኑን እስከ ታች ፈትሺው፤ «ኤሌክትሪፕ» ከተገኘ እኔ ራሴ ለገጣፎ ድረስ እመጣለሁ።

ስለ ጽዳቱ፣ የቧንቧ ውሃ አይሁን፣ ሲደርቅ ነጭ ነገር ይተዋል። ዲስቲልድ ውሃ ግዢ። ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምረሽ፣ በለስላሳ ጨርቅ መስመሩን ተከትለሽ ዙሪያውን ጥረጊ እንጂ አቋርጠሽ አትፈትጊ። ከዚያ ሳሙና በሌለው ዲስቲልድ ውሃ ድገሚው። መሃሉን ወረቀት ውሃ አይንካው። ስታስቀምጪው አቁመሽ ነው፣ በፍጹም አትደራርቢ፤ በበጋ ቆርቆሮ ሥር ያለ መደርደሪያ ላይ ከተውሽው ይጣመማል።

ይልቅ ጋሼ ማጫወቻቸውን የት አደረጉት? ከጀርመን ያመጡት ከሆነ ትልቅ ዕድል ነው፣ የእነሱም መብራት እንደኛው 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የድሮ ማጫወቻ ለ60 የተሠራ ስለሆነ ትራንስፎርመር ብታደርጊለትም ሞተሩ ይጎተታል፣ በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር ያለበት ወደ 28 ይወርዳል። ዘፋኙ ሁሉ የታመመ ይመስልሻል።

የለገጣፎዋ፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጣችሁ! ቁጥሩ ገጥሟል፣ 56003፣ ባርኮድ የለውም፣ ሸክላውም ቀለል ያለ ነው። ፊኛው የለም። ጋሼን ስጠይቃቸው ሳቁና «ልጄ ነፍቶ አፈነዳው» አሉኝ። «ኤሌክትሪፕ»ም አልተገኘም። ማጫወቻ ግን አላቸው! ዱአል ይላል፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ይሥራ አይሥራ አያውቁም።

ሸክላ ወዳጅ፦
ዱአል ከሆነማ እሰየው፣ የታወቀ የጀርመን ማጫወቻ ነው። ግን ዝም ብለሽ መብራት ላይ እንዳትሰኪው። ያን ያህል የቆመ ማሽን ውስጡ ያለው ግሪስ እንደ ማስቲካ ይደርቃል፣ ላስቲኩም ይደድራል። የድሮ ቴፕና ራዲዮ የሚጠግን ሰው መጀመሪያ ከፍቶ ያጽዳው። መርፌው አሮጌ ከሆነ ጣዪው፣ በሱ ከምትሞክሪ መጠበቅ ይሻላል። ስታቢላይዘርም ይኑርሽ። ሸክላው እየተጫወተ መብራት ከሄደ መርፌውን የያዘውን ክንድ ወዲያው አንሺው፣ መርፌው ሸክላው ላይ ቆሞ አይጠብቅ።

ፊኛ ባይኖረውም ሸክላው ንጹህ ከሆነ በመቶዎች ዩሮ ሊያወጣ ይችላል፣ ስለዚህ «በ3 ሺህ ብር ልውሰድልሽ» የሚል ቢመጣ እሺ እንዳትዪ። አሁን የዱአሉን ሞዴል ቁጥርና መርፌው አጠገብ የተጻፈውን አንብበሽ እዚህ ጻፊልን፣ የሚገጥመውን መርፌ እንፈልግልሻለን።