የሂሮሳኪ ፖም ፓርክ፦ ፉጂ ለመልቀም ኦክቶበር 20 ይደርሳል ወይ?

መንገደኛው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጃፓን፣ አኦሞሪ ውስጥ ሂሮሳኪ ከተማ ያለውን የፖም ፓርክ፣ ጃፓኖቹ ሪንጎ ኮኤን የሚሉትን፣ ለማየት አስበናል። ሦስት ነን፣ አንዷ አዛውንት ናቸው፣ መኪና የለንም። ከቶኪዮ የምንነሳው ኦክቶበር 20 ገደማ ነው። ዋናው ሐሳባችን ፉጂ የሚባለውን ፖም በእጃችን መልቀም ነው። ይደርሳል? ከባቡር ጣቢያውስ እንዴት ይኬዳል? የለቀምነውን ይዘን አገር መግባት እንችላለን?

የአትክልት ሰው፦
ኦክቶበር 20 ለፉጂ ገና ነው። እዚያ ፉጂ የሚለቀመው ከኖቬምበር መጀመሪያ ጀምሮ ነው። የፓርኩ ለቀማ ደግሞ ከኦገስት ጀምሮ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ስለሚያበቃ፣ ለፉጂ የሚቀራችሁ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። ጹጋሩ የተባለው ዝርያ ሴፕቴምበር ላይ ያልቃል፤ በኦክቶበር አጋማሽ ጆናጎልድ ይደርሳል፣ ኮምጠጥ የሚል ጣፋጭ ነው፣ ለመጋገርም ይሆናል። ቢጫ አረንጓዴው ኦሪን ትንሽ ቆይቶ ይከተላል።

ቀለሙ እንዳያታልላችሁ። ፍሬው እንዲቀላ ተብሎ በዙሪያው ያለው ቅጠል ይሸመጠጣል፣ ጥላ ውስጥ የቀረው ጎኑ ወደ ፀሐይ ይዞራል፣ ከዛፉ ሥር ብርሃን ወደ ላይ የሚመልስ ብርማ ፕላስቲክ ይነጠፋል። ስለዚህ ኦክቶበር 20 ላይ ፉጂው ቀልቶ ታገኙታላችሁ፤ ውስጡ ግን ገና ወደ ስኳር ያልተለወጠ ስታርች ነው። ትክክለኛው ምልክት ያለው ከታች፣ አበባው በነበረበት ጎድጓዳ ላይ ነው። አረንጓዴነቱ ለቆ ወደ ቢጫ ካልሄደ አልደረሰም።

ፉጂን ለመልቀም ሂሮሳኪ መሄዳችሁ ደግሞ ትክክል ነው። ዝርያው የተገኘው እዚያው አጠገብ፣ ፉጂሳኪ በተባለችው ከተማ፣ በ1939 ከተደረገ ማዳቀል ነው፤ ስሙ የወጣለት በ1962። ብዙ ሰው ስሙ የመጣው ከፉጂ ተራራ ብቻ ይመስለዋል፤ ከፉጂሳኪም ጭምር ነው።

ባለባቡር፦
መንገዱን እኔ ልመልስ። ከቶኪዮ ሃያቡሳ በተባለው ፈጣን ባቡር (ሺንካንሰን) እስከ ሺን-አኦሞሪ ጣቢያ ከ3 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ሃያቡሳ ላይ ወንበር ሳይዙ መግባት የለም፣ ቀድማችሁ ያዙ። ከዚያ በኦኡ የባቡር መስመር ሂሮሳኪ ለመድረስ 40 ደቂቃ ያህል። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል፣ ግን አዛውንት ይዞ አይመከርም። አንድ ሌሊት እደሩ።

ከጣቢያው ፊት የኮናን አውቶቡስ ይዛችሁ ቶኪዋዛካ-ኢሪጉቺ ትወርዳላችሁ፤ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዚያ በእግር 7 ደቂቃ። በኋላው በር ገብታችሁ ቁጥር ያለባትን ትኬት ውሰዱ። ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ በቁጥራችሁ ሥር የሚታየውን ሒሳብ ስትወርዱ ትከፍላላችሁ። ማሽኑ ትልልቅ ኖት ስለማይዘረዝር የ1,000 የን ኖትና ሳንቲም ያዙ። በፌርማታው ስም መሐል ያለችው «ዛካ» ዳገት ማለት ናት፤ ለእናታችን ከጣቢያው በቀጥታ ታክሲ ይሻላል፣ ለሦስት ሲካፈል አይከብድም።

መግቢያ ነጻ ነው። ሰዓቱ 9:00–17:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከጠዋቱ 3 እስከ 11 ነው።

መንገደኛው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ወደ ኖቬምበር 6 እናዛውረዋለን። ለለቀማው ማወቅ ያለብን ነገር አለ?

የአትክልት ሰው፦
መጀመሪያ የትኛው ዝርያ በዚያ ቀን ለለቀማ እንደተከፈተ ፓርኩ ውስጥ ያለው «ሪንጎ ኖ ኢኤ»፣ ማለትም የፖም ቤት፣ ገብታችሁ ጠይቁ። የቀላ ዛፍ ሁሉ አይነካም። ክፍያው በኪሎ ስለሆነ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ፤ 3 ኪሎ ማለት 10 ፍሬ ያህል ነው።

አለቃቀሙ፦ ፍሬዋን ከሥር በመዳፍ ደግፉ፣ አመልካች ጣታችሁን ዘንጓ ከቅርንጫፉ የምትገናኝበት ቋጠሮ ላይ አሳርፉ፣ ከዚያ ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ጠምዘዝ። የደረሰች ከሆነች ቀጭ ብላ ትለቃለች። ወደ ታች ከጎተታችሁ ወይ ዘንጓ ትነቀልና ብስባሹ በዚያ ቀዳዳ ይጀምራል፣ ወይ ቋጠሮው አብሮ ይገነጠላል። በዚያ ቋጠሮ ላይ የከርሞ አበባ እንቡጥ ስላለ ጉዳቱ ለዛፉም ነው። ቅርጫት ውስጥ አትወርውሩ፣ አስቀምጡ። የአንዷ ዘንግ የሌላዋን ቆዳ ከወጋ በሳምንት ውስጥ ቡናማ ነጥብ ታያላችሁ።

ባለ ሦስት እግር መሰላል ከተሰጣችሁ ሰንሰለቱ መያያዙን እዩ። ተዳፋት ላይ ብቻዋን ያለችው እግር ወደ ዳገቱ ትሁን።

ስትቆርጡት መሐሉ ውሃ የጠጣ መስሎ ብርሃን ካሳለፈ አልተበላሸም። ሶርቢቶል የተባለው ስኳር ተጠራቅሞ ነው፤ ጃፓኖቹ «ሚጹ»፣ ማር ይሉታል። የበሰለ ለመሆኑ ምልክት ነው፣ ግን ስለማይቆይ እሱን አስቀድማችሁ ብሉ። ሲሰነብት ውስጡ ይጠቁራል።

ባለባቡር፦
ኖቬምበር 6 ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጠዋት ሂዱ። ኢዋኪ ተራራን (1,625 ሜትር) ከፓርኩ ጉብታ ላይ ለማየትም ከደመና በፊት ይሻላል። ሣሩ በጤዛ ስለሚረጥብ የሚያንሸራትት ጫማ አይሆንም። ግቢው ውስጥ ሲድር፣ የፖም መጠጥ፣ የሚጠመቅበት ኪሞሪ የሚባል ቤት አለ፤ ሲድሩ አልኮል ስለሆነ ከ20 ዓመት በታች ላለ አይሸጥም።

ጓዝ አሳሪ፦
የቀረችውን ጥያቄ ልመልስ። ትኩስ ፍሬ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ድንበር መሻገር አትሞክሩ፤ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ከሌለ በኳራንቲን ይወሰዳል። ጃፓን ውስጥ ለሚኖር ዘመድ ግን በታኪዩቢን፣ በቤት ለቤት መልእክት፣ መላክ ቀላል ነው። የ10 ኪሎ ካርቶን ላይ 28፣ 32፣ 36፣ 40 ተጽፎ ብታዩ ዋጋ ሳይሆን የፍሬው ብዛት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ፍሬው ይተልቃል፤ 32 የሚለው እያንዳንዱ 310 ግራም አካባቢ ነው። ለተቀባዩ ደግሞ ንገሩት፦ በፕላስቲክ ከረጢት አስሮ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከጎመንና ከሰላጣ አርቆ። ፖም የሚያወጣው ኤትሊን ጋዝ ቅጠላ ቅጠሉን ያስቢጨዋል።