ማህተም ላለው ደብዳቤ ፋክስ ይሻላል ወይስ ኢሜይል?

ጠያቂ፦
ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ቅርንጫፍ በየቀኑ ሁለት ሦስት ገጽ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ በፋክስ ይላካል። ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ብዙም አልለመዱም። ከወዲያ ግን ትንንሹ ፊደል አይነበብም፣ ማህተሙም አንዳንዴ ጭራሽ አይታይም ይላሉ። ፋክሱ ይስተካከላል ወይስ ወደ ኢሜይል ይዞር?

መስመር፦
ማሽኑ ስታንዳርድ በሚባለው ዝቅተኛ የጥራት ደረጃ ላይ ይመስለኛል። ስታንዳርድ ከላይ ወደ ታች በአንድ ሚሊሜትር 3.85 መስመር ብቻ ያነባል፤ ፋይን እጥፉን፣ 7.7። የእኛ ፊደል ሰ፣ ሱ፣ ሲ የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ከመላክ በፊት ሬዞሉሽን (የጥራት ደረጃ) የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ፋይን ያድርጉት። ብዙዎቹ ማሽኖች ከላኩ በኋላ ወደ ስታንዳርድ ስለሚመለሱ በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል። መላኩ ትንሽ ይረዝማል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ተራ ፋክስ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሚያውቅ ፈዛዛ ሰማያዊ ማህተም ነጭ ሆኖ ይቀራል። የማህተሙን ፓድ ቀለም ይሙሉት፣ የማሽኑን ኮንትራስትም (የጥቁረቱን መጠን) ያጥቁሩት። ማህተሙ ጽሑፍ ላይ ካረፈ ግን ማጥቆሩ ጽሑፉንም ይውጠዋል።

ባለ ወረቀት፦
"ኦኬ" የሚለውን ሪፖርት ብዙ አትመኑት። ወረቀቱ ተገልብጦ ከገባ በተቀባዩ በኩል ባዶ ገጽ ይወጣል፣ ሪፖርቱ ግን ያው ኦኬ ነው። የተጻፈበት ፊት ወዴት እንደሚዞር መጋቢው (ወረቀት ማስገቢያው) ላይ ያለው ምልክት ያሳያል። የፋክሱ ስልክ መስመር በኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነና መላኩ መሀል ላይ ከተቋረጠ የማሽኑን የመላኪያ ፍጥነት ወደ 9600 ቢት በሰከንድ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ዳዊት፦
እኔ ብሆን ኢሜይል። ኮምፒውተርም አያስፈልግም፤ በአንድሮይድ ስልክ ጎግል ድራይቭ ውስጥ ያለውን የካሜራ ምልክት ነክቶ ገጹን ማንሳት ነው። ቀጣዩን ገጽ እዚያው ፋይል ላይ ይጨምሩት፤ አለዚያ ሦስት የተለያየ ፒዲኤፍ ይሆናል። ፋይሉን በደብዳቤው ቁጥር ይሰይሙት። ጂሜይል እስከ 25 ሜጋባይት ስለሚያያይዝ ሦስት ገጽ አያስጨንቅም፤ ማህተሙም ከነቀለሙ ይደርሳል። አድራሻውን አንዴ መዝግበው ሁልጊዜ ከዚያ ይምረጡ፤ በእጅ ሲጻፍ አንድ ፊደል ከሳተ ደብዳቤው ሌላ ሰው ዘንድ ሊገባ ይችላል። ተቀባዩም "ደርሷል" ብሎ ይመልስ፤ ካልመለሰ ስፓም (የማይፈለጉ መልእክቶች ሳጥን) ውስጥ ይፈለግ።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። የሐዋሳው ማሽን ባለ ጥቅል ወረቀት ነው፤ ያስቸግራል?

ባለ ወረቀት፦
ጥቅሉ በሙቀት የሚጽፍ ከሆነ ጽሑፉ እየደበዘዘ ይጠፋል። ፋይል ከመግባቱ በፊት ፎቶ ኮፒ ይደረግ፤ ፀሐይ ያለበት መስኮት አጠገብም አይቀመጥ።